ንግድ በእጅ ስልክ፦ ሽቦ አልባው መንገድ ስንት ቢት ይሸከማል?

ገንዘብ መላክ፣ የባንክ ሒሳብ ማየት፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ መፈጸም ቀደም ሲል ረጅም ሰልፍ የሚጠይቁ ጉዳዮች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቻችን በእጃችን በያዝነው ስልክ እንጨርሳቸዋለን። ይህን ያስገኘልን ፈጣን ኢንተርኔት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ኢንተርኔት በማይከፍት ተራ ስልክም ገንዘብ ይላካል። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ጽሑፍ የንግድ አገልግሎትን ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያመጡትን ዋና ዋና ሽቦ አልባ ዘዴዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ጥቂት ስሌትም እንሠራለን፤ የእያንዳንዱ ዘዴ ብርታትና ድክመት በቢት የሚቆጠር ነውና። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋፕ፦ መስመር ይዞ መጠበቅ

በ1991 በፊንላንድ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው የጂኤስኤም ኔትወርክ በዋናነት የታቀደው ለድምፅ ነበር። 200 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ያለው አንድ የሬዲዮ ሞገድ ለ8 ተጠቃሚዎች በየተራ ይከፋፈላል። መረጃ መላክ የሚፈልግ ሰው ልክ እንደሚደውል ሰው አንዱን ተራ ይይዝና በሰከንድ 9,600 ቢት ያስተላልፋል። አንድ ገጽ 60,000 ባይት ቢሆን 480,000 ቢት ማለት ነው፤ ይህንን ለ9,600 ስናካፍለው 50 ሰከንድ ይሆናል። ተጠቃሚው ገጹን በሚያነብበት ጊዜም መስመሩ እንደተያዘ ስለሚቆይ ሒሳቡ በደቂቃ ይቆጠርበታል።

ይህን ችግር ለማቃለል ኤሪክሰን፣ ሞቶሮላ፣ ኖኪያና አንዋየርድ ፕላኔት የተባሉ ኩባንያዎች በ1997 ተባብረው ዋፕ የተባለውን ሥርዓት መሠረቱ። በስልኩና በኢንተርኔቱ መካከል የሚቀመጥ መተላለፊያ ኮምፒዩተር ገጹን ለትንሽ ስክሪን በሚስማማ መልክ አሳጥሮ ይልከዋል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሁለት እንቅፋቶች ገጠሙት። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች በአብዛኛው የሚገናኙት በዚያው ተይዞ በሚቆይ መስመር ነበር። ሁለተኛ፣ ከስልኩ እስከ መተላለፊያው ያለው የምሥጢር ኮድ ከመተላለፊያው እስከ ባንኩ ካለው ኮድ የተለየ ስለነበር፣ መረጃው መተላለፊያው ውስጥ ለቅጽበት ተገልጦ እንደገና ይሸፈን ነበር። የታሸገ ደብዳቤ የተቀበለ መልእክተኛ መንገድ ላይ ከፍቶ በሌላ ፖስታ እንደማሸግ ያለ ነው። በኋላ የወጣው ዋፕ 2.0 ሽፋኑ ከስልክ እስከ ባንክ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ በማድረግ ይህን ክፍተት ዘጋው።

አይ ሞድ፦ በጥቅል መላክ

ኤንቲቲ ዶኮሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አይ ሞድን በየካቲት 1999 ሲጀምር የመረጃው ፍጥነት ያው በሰከንድ 9,600 ቢት ነበር። ልዩነቱ ያለው በአላላኩ ነው። መረጃው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፍሎ ሲጓዝ መስመሩ ለአንድ ሰው ብቻ አይያዝም፤ ሌሎችም ይጋሩታል። ክፍያውም በደቂቃ ሳይሆን በመጠን ሆነ፤ ለ128 ባይት 0.3 የን። ስለዚህ 1,280 ባይት ያለው መልእክት 10 ጥቅል፣ በጠቅላላው 3 የን ይሆናል ማለት ነው፤ አንባቢው ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም። ከዚህም በላይ ኩባንያው ለአቅራቢዎች የሚከፈለውን ወርኃዊ ዋጋ ከስልክ ሒሳቡ ጋር ሰብስቦ፣ 9 በመቶ ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ያስረክብ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ፍጥነት ሳይጨምር የአላላክና የአከፋፈል ሥርዓት ብቻ ተለውጦ ገበያ ሊከፈት እንደሚችል ነው። በጥቅል የመላክን ዘዴ ወደ ጂኤስኤም ያመጣው ደግሞ ከ2000 ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው ጂፒአርኤስ ነው።

በመቆጣጠሪያው መስመር

እያንዳንዱ የጂኤስኤም ስልክ ጥሪ ለማስጀመር የሚጠቀምበት ቀጭን የመቆጣጠሪያ መስመር አለው። አቅሙ በሰከንድ 800 ቢት እንኳ አይሞላም። ሆኖም አጭር የጽሑፍ መልእክትና ዩኤስኤስዲ በዚህ መስመር ስለሚጓዙ በማንኛውም የጂኤስኤም ስልክ ይሠራሉ። በመጋቢት 2007 በኬንያ ሳፋሪኮም ያስጀመረው ኤምፔሳ በሲም ካርዱ ላይ የተጫነ አነስተኛ ፕሮግራም በምሥጢር ኮድ የተሸፈነ አጭር መልእክት እንዲልክ አድርጎ ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ አንቀሳቀሰ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በ2021 ያስጀመረው ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ ላለው በመተግበሪያ፣ ለሌለው ደግሞ *127# በመደወል በዩኤስኤስዲ ያስተናግዳል።

አጭር መልእክት እንደ ደብዳቤ ነው፤ ማእከል ውስጥ ተቀምጦ ተቀባዩ ሲገኝ ይደርሰዋል። ዩኤስኤስዲ ግን ፊት ለፊት እንደመነጋገር ነው፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ የተጠራቀመ ነገር የለም። ስለዚህ የምሥጢር ቁጥር ካስገባን በኋላ መስመሩ ቢቋረጥብን ትእዛዙ ደርሶ ሊሆን ይችላልና፣ ወዲያው ከመድገማችን በፊት ቀሪ ሒሳባችንን ማየት ይገባናል። የዩኤስኤስዲ መልእክት በራሱ ከስልኩ እስከ አገልግሎት ሰጪው የሚዘልቅ የኮድ ሽፋን የለውም፤ የዋፕ ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው የጂኤስኤም የሬዲዮ ሽፋን ሊሰበር እንደሚችልም በ2009 በይፋ ታይቷል። ኤምፔሳ የሲም ካርዱን ኮድ መጠቀሙ የሚያስመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው።

የግዕዝ ፊደልና የቢት ሒሳብ

አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ወይም 1,120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባበታል። በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው የግዕዝ ፊደል ግን በእያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል፤ 1,120ን ለ16 ስናካፍል 70 ይሆናል። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽ 160 ባይት በመሆኑ በላቲን 182፣ በግዕዝ 80 ፊደል ብቻ ይይዛል።

ለፍትሕ ያህል፣ የኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለሚያስር ቃላቱ ያጥራሉ። «ሰላም» በግዕዝ 3 ፊደል ወይም 48 ቢት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 5 ፊደል ወይም 35 ቢት ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የሚያስገርመው ደግሞ 160 ፊደል ባለው የላቲን መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት መለወጡ ነው። ረጅም መልእክት ሲከፈል ለመያያዣ የሚሆን 6 ባይት ከየክፍሉ ስለሚቀነስ፣ በአንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይቀራል። አንድ የነበረው መልእክት 3 ሆነ ማለት ነው፤ በየክፍሉ የሚያስከፍል ታሪፍ ካለ ዋጋውም 3 እጥፍ ይሆናል።

ማጠቃለያ

እንደተመለከትነው አገልግሎትን ወደ ሕዝብ ያደረሰው ሁልጊዜ ፈጣኑ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ሰው በእጁ ባለው ስልክ፣ በሚችለው ዋጋና በሚያምነው መንገድ የመጣው ነው። ከከተማ ርቃ በተራ ስልክ ገንዘብ የምትቀበል እናት የምታነበው ምናሌ 80 ፊደል ብቻ ነው፤ ቃሉ ግራ ቢያጋባት የምትከፍለው በገንዘቧ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ይህን እንዲሞክሩ እንጋብዛለን፦ «ላክ»፣ «ተቀበል»፣ «ቀሪ ሒሳብ» እና «ክፍያ» የሚሉ አራት ምርጫዎችን ከነቁጥራቸውና ከነክፍት ቦታቸው ጻፉ፤ ስንት ፊደል እንደወሰደና ለማብራሪያ ስንት እንደቀረ ቁጠሩ። ለሕዝባችን የሚሆን አገልግሎት ማቀድ ከእንዲህ ያለው ቆጠራ ይጀምራል።