ስብ የሚያስወጣው ኪኒን ሆዳችን ውስጥ ምን ይሠራል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ስብ የሚያቀልጠው ኪኒን ይሠራል ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። መልሱን መንዝ ስሠራ ከገጠመኝ ነገር ልጀምር። ታካሚዋ እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን ግን አልጠቅስም።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው። የመጡት የፋሲካ ሰሞን ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሹክሹክታ «ዶክተርዬ፣ ነውር ሆኖብኝ ነው እንጂ… ዘይት ይወጣኛል» አሉኝ። ሳያውቁት ልብሳቸውን ይነካባቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ፈርተዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያሳዩኝ ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ኦርሊስታት የተባለ መድኃኒት ነበር። «ሁዳዴን ሙሉ ስውጠው ምንም አላረገኝም። ጾሙ ሲፈታ ነው ጉድ ያፈላብኝ!»

እማማ ሳያውቁት የመድኃኒቱን አሠራር በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ቅቤም ሆነ ዘይት፣ የምንበላው ስብ እንዳለ ወደ ሰውነታችን አይገባም። ትልቅ ስለሆነ የአንጀትን ግድግዳ አያልፍም። እንደ ማገዶ አስቡት፤ ግንዱ ካልተፈለጠ ምድጃ አይገባም። መጥረቢያው ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በዋናነት ከቆሽት፣ ጥቂቱ ደግሞ ከጨጓራ ይመነጫል። ኦርሊስታት ይህንን መጥረቢያ ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ከበላነው ስብ ሲሶ ያህሉ ሳይፈለጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። መድኃኒቱ ራሱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥራውን አንጀት ውስጥ ጨርሶ ይወጣል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንረዳለን፦

1. ቦርጭ ላይ የተቀመጠውን ስብ አያቀልጥም። የሚያግደው አሁን ማዕዱ ላይ ያለውን ስብ ብቻ ነው።

2. እንጀራን፣ ቂጣን፣ ቆሎን፣ ስኳርንና ጠላን አይነካም። እማማ ሁዳዴን ያሳለፉት በገብስ ቂጣና ዘይት በነካካው ሽሮ ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑ የሚያግደው ነገር አላገኘም። የጾም ምግብ ሁሉ ግን ስብ የለውም ማለት አይደለም። ዘይት ስብ ነው!

3. ስብ ከበዛ ያልተፈጨው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። የፋሲካ ዶሮ በቅቤ ሲመጣ ዘይቱ የወጣው ለዚህ ነው። ጋዝ፣ ድንገተኛ የሰገራ ጥድፊያና ቅባት ያለው ሰገራ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ናቸው።

ስንት ኪሎ ይቀንሳል?

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 28 ግራም ስብ አለው። ሲሶው ቢወጣ 9 ግራም፣ ማለትም 80 ካሎሪ ገደማ ነው። ብዙ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከ3,300 በላይ ሰዎችን ለ4 ዓመት የተከታተለና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ሁሉም ተሳታፊዎች አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ ተደርጓል። በመጨረሻ ኦርሊስታት የወሰዱት በአማካይ 5.8 ኪሎ፣ ማስመሰያ ኪኒን የወሰዱት ደግሞ 3 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ዋናው ጉዳይ ግን ዘይቱ አልነበረም

እማማን «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው ከዓመታት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉና ጠዋት ጠዋት የታይሮይድ ኪኒን (ሌቮታይሮክሲን) እንደሚውጡ ነገሩኝ። ሁለቱን አብረው ነበር የሚውጡት! ኦርሊስታት ደግሞ የታይሮይዱ መድኃኒት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፣ ብርድ አይችልም፣ ክብደትም ይጨምራል። እሳቸውም «ብርዱ ዘንድሮ ባሰብኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም የመንዝ ብርድ ነው ብዬ ላልፈው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ደማቸውን ስናስመረምር ሆርሞኑ ማነሱን አየን። ኦርሊስታቱን አቆሙ፤ ከሁለት ወር በኋላ በድጋሚ ሲመረመሩ ውጤቱ ተስተካክሎ ነበር። ለመክሳት የተላከው ኪኒን ሊያወፍራቸው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ልብ በሉ፦

• የደም ማቅጠኛ (ዋርፋሪን)፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ሳታማክሩ አትጀምሩት። ከታይሮይድ ኪኒን ጋር ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል።
• ነፍሰ ጡሮች አይወስዱትም። የሐሞት ፍሰት መዘጋት ወይም ምግብ ያለመመጠጥ ችግር ያለባቸውም እንዲሁ።
• የሚታዘዘው በጣም ለወፈረ ሰው ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው 77 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት ከዚያ ባነሰም ሊታዘዝ ይችላል። «ለሠርግ ትንሽ ልክሳ» ለሚል አይደለም።
• የታዘዘለት ሰው ስብ ካለው ምግብ ጋር ይወስደዋል። ምግቡ ስብ ከሌለው ወይም ካልበላ ያንን ጊዜ ይዝለለው።
• ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚመጠጡት ከስብ ጋር ስለሆነ ሊያንሱ ይችላሉ። መልቲቫይታሚን ማታ ሲተኙ መውሰድ ይመከራል።
• ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ አቁሙና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እማማ ሲወጡ «ልጄንስ ምን ልበላት?» አሉኝ። እዚያው ደወልንላት። ደንግጣ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ለመልካም ብዬ ነው» አለች። አውቃለሁ። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናታችሁ መድኃኒት ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋት፦ «እማ፣ አሁን የምትወስጂው ምን አለ?»

ወላጆቹ አገር ቤት ላሉ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።