የአሮጌ መኪና ማሞቂያና አደጋው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ሥራው የሚነዳ ሰው የመኪናውን ማሞቂያ ይሻል። የአሮጌው ቮልስዋገን ማሞቂያ ግን በሙቅ ውሃ የሚሠራ አይደለም። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ማራገቢያው የሚገፋው አየር የጭስ ማውጫውን ቱቦ በከበበው የላሜራ ሣጥን ውስጥ አልፎ ይሞቅና በወለሉ ግራና ቀኝ ባሉት ቦዮች ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ከ1948 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፖርሽ 356 የተባለው የስፖርት መኪናም ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ማሞቂያው በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ማሞቂያው ሥራውን ያቆመ እንደሆነ፣ አስቀድሞ ገመዱ እንዳልተበጠሰ፣ ቀጥሎም ሙቀቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን በዝገት እንዳልተያዘ፣ በመጨረሻም ቱቦዎቹ እንዳልወለቁና ቦዮቹ በዝገት እንዳልተበሱ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለው የጭስ ቱቦ የተበሳ እንደሆነ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ከሙቀቱ ጋር ይገባል፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ነጂው ራሱን እያመመውና እያዞረው ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የተበሳው ሣጥን ይለወጥ፤ እስኪለወጥም ድረስ መኪናው አይነዳ። አሮጌ መኪና የሚገዛ ነጋዴም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ያስመርምር።