የወረዳ ድጎማና የሕዝብ መዋጮ

ድጎማ ማለት የበላይ መንግሥት ለበታቹ፣ እንዲመለስለት ሳይጠይቅ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ብድር አይደለም፤ አንዱ ምንጩ የሕዝብ ግብር ስለሆነም ምጽዋት ሊባል አይገባውም።

በአገራችን ይህ አሠራር እስከ ወረዳ የወረደው በ1995 የበጀት ዓመት ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና በዚያን ጊዜ የነበረው የደቡብ ክልል ለወረዳዎቻቸው ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታውን የበጀት ርዳታ ቢያቋርጡም፣ በ1998 በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ገንዘባቸው በዚሁ በድጎማው ቦይ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለውሃ ይወርድ ጀመር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጥቅል ማለት ወረዳው እንደ ችግሩ ይመድበው ማለት ነው። ነገር ግን የመምህሩና የጤና ሠራተኛው ደመወዝ ከዚያው ስለሚከፈል አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ለጠመኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለተበላሸው የውሃ ፓምፕ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ግብሩን ከከፈለ በኋላ እንደ ገና ለመማሪያ ክፍል መሥሪያ ገንዘብና ጉልበት ያዋጣል። መዋጮ መልካም ነው፤ ዕድርና ደቦ ያስተማሩን ነው። ክፋቱ፣ በድጎማ ሊሸፈን የሚገባው ወጪ ሳይነገር ወደ ደኻው ጫንቃ ሲዛወር ነው።

የወረዳ በጀት ለሕዝብ እንዲለጠፍ የተደረገው ይህ እንዲታይ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሰሌዳው ፊት ቆመን እናንብብ፤ ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቻችንም እንንገራቸው። ደመወዙ ስንት፣ ሥራ ማስኬጃው ስንት፣ ካፒታሉ ስንት? እኛስ ፊደል የቆጠርነው በነሱ መዋጮ አይደለምን?