ፈረሱ ለምን አላበው? ትንንሽ የጭቃ ምስሎችን ስለ መቀባት

በዛሬው ጽሑፌ ትንንሽ የጭቃ ምስል ስንቀባ ጥላ እንዴት እንደምናወጣና ብልጭልጩን እንዴት እንደምናጠፋ ተሳስቼ የተማርኩትን አካፍላችኋለሁ።

እንደምታውቁት በእኛ በአዊ ፈረስ ክብር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዓሉ በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስታውሳል። እኔም ለክበባችን ትርኢት ከሸክላ አፈር መዳፍ የሚያክል ፈረስ ሠራሁ። የሠራሁት የአያቴን ዳማ ፈረስ አስቤ ነው። ፈረሱ አምና ተሸጧል፤ ፎቶውም የለንም።

በውሃ ቀለም ቡናማ ቀባሁትና ከአናጢ የተረፈ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ደስ ብሎኝ ለአያቴ አሳየኋቸው። በር ላይ ወጥተው አገላበጡትና «ይኼ ፈረስ ምነው አላበው? ጋማውና አንገቱስ አንድ ሆነብኝ» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሁለቱንም ስህተቴን በአንድ ጊዜ ነው የነገሩኝ። አንደኛው ጥላ የለውም፤ ሁለተኛው ያብረቀርቃል።

ጥላው የት ሄደ?

ትልቅ ፈረስ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከኮርቻው ሥር፣ ከጋማው መካከል፣ ከሆዱ በታች ጥላ ይታያል። በትንሽ ምስል ላይ ግን ጉድጓዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥላው አይታይም። ስለዚህ ጥላውን በቀለም እንሠራለን። ባህር ማዶ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ወታደሮችንና ፈረሰኞችን የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እነሱ ለዚህ የሚጠቀሙበትን ቀጭን ቀለም «ዎሽ» ይሉታል። እኛ በክበባችን «እጣቢ ቀለም» አልነው፤ ምክንያቱም የዕቃ እጣቢ ይመስላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ማንኪያ ጥቁር ቡናማ ቀለም በስምንት ማንኪያ ውሃ ይቀጥናል። ምስሉ ላይ ሲቀባ ፈሳሹ ከጉብታው ላይ ወርዶ ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃው ሲተን ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ጉብታው ፈካ ይላል፣ ስንጥቁ ይጠቁራል።

አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ብንጨምር ደግሞ ይሻላል። ውሃ ብቻውን ድቡልቡል ሆኖ ይቆማል፤ ሳሙናው ግን የውሃውን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንሰው በደንብ ይሰራጫል።

የቡና ስኒ ነገር

ቡና ጠረጴዛ ላይ ጠብ ብሎ ሲደርቅ አይታችኋል? መሃሉ ፈዞ ዳሩ ጥቁር ቀለበት ይሆናል። ዳሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ፈሳሹ ከመሃል ወደ ዳር እየሄደ ቅንጣቱን ይዞ ይሄዳል። እጣቢ ቀለምም ሜዳ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የፈረሱ ጎን ላይ፣ ከተጠራቀመ እንዲሁ ቀለበት ይሠራል። መፍትሔው ሳይደርቅ በፊት በደረቅ ብሩሽ መምጠጥ ነው።

ለምን ያብረቀርቃል?

ለስላሳ ገጽ ብርሃንን እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል። ሻካራ ገጽ ግን ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። የእኔ ቫርኒሽ ለስላሳ ስለነበር ነው ፈረሱ ያላበው። ይህን ለማረጋገጥ የፈረሱን ጎን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁት። ወዲያው ፈዘዘ! የማያብረቀርቅ ቫርኒሽም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ገጹን ያሻክሩታል።

እኛ የሠራንበት መንገድ

1. ምስሉ በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

2. የመጀመሪያውን ቀለም ከነጭ ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ ቀቡና አሳድሩት። የውሃ ቀለም ብቻውን ከሆነ እጣቢው ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። እኔ በሁለተኛው ፈረሴ ላይ ይህን ረስቼ ጭቃው ራሱ ለስልሶ አንድ ጆሮ ወደቀ።

3. እጣቢ ቀለሙ ውስጥም ትንሽ ኮላ ጨምሩ። ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ ጉብታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉ። ከዚያ ያድር።

4. ለመጨረሻው ሽፋን ኮላና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ቁንጥር የሕፃን ፓውደር ጨምሩ። ኮላ ብቻውን ትንሽ ያብረቀርቃል፤ ፓውደሩ ያፈዝዘዋል። ከበዛ ግን እንደ ጉም ነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ገል ላይ ሞክሩት።

5. ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ዝናብ ባለበት ቀን ቶሎ ስለማይደርቅ ታገሡ።

ጥንቃቄ፦ የፓውደሩን ብናኝ አትሳቡት። ቀለም የበጠበጣችሁበትን ስኒ መልሳችሁ ለሻይ አትጠቀሙበት!

በአገራችን ትንንሽ ምስል መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ በሚሠሯቸው ትንንሽ ምስሎች ይታወቁ ነበር። ስለዚህ «ዕቃ የለንም» አንበል፤ አፈሩም እጁም አለን።

ሦስተኛውን ፈረስ ለአያቴ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው ደከም ስላለ በር ላይ ወጥተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ጥሩ ነው» አላሉኝም። «ልጓሙን ለምን አጠበቅከው? እሱ እኮ አፉ ለስላሳ ነበር» አሉኝ። ልጓሙን አዩት ማለት ነው! ፈረሳቸውንም አወቁት። ልጓሙን አላልቼ እንደገና ቀባሁት፤ አሁን እሳቸው ቤት ግድግዳው ላይ ባለችው መደርደሪያ ቆሟል። ለትርኢቱ ሌላ እሠራለሁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. እጣቢ ቀለም ውስጥ ሳሙና የሚጨመረው ለምንድን ነው?
2. ሻካራ ገጽ የማያብረቀርቀው ለምንድን ነው?
3. የቡና ጠብታ ሲደርቅ ዳሩ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?

መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።