ጭንቀትና ሰውነታችን፤ ከነቢዩ ኤልያስ የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የፈተና ወራት በቀረበ ቁጥር ከመካከላችን አንዳንዶቹ ይለወጣሉ። ለመዝሙር ጥናት አዘውትረው ይመጡ የነበሩት ይቀራሉ፤ ቢመጡም ከአንድ ጥግ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። እህል አይበሉም፤ ሌሊቱን ዐይናቸው ሳይከደን ያነጋሉ። «ምን ሆናችሁ?» ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። ደፍሮ ጭንቀቱን የሚናገር ሲገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ «እምነትህ ቢጸና ኖሮ አትጨነቅም ነበር» የሚል ነው። ይህ መልስ የተጨነቀውን ሰው አያሳርፈውም፤ በጭንቀቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል እንጂ።

ጭንቀቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ ተማሪዎች ሦስት ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ይህን የሰማ ወጣት ቢፈራ አይፈረድበትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚያስጨንቅ ሐሳብ በሰውነታችን ላይ ምን እንደሚያደርግና በምን እንደሚረጋጋ በአጭሩ እንመለከታለን።

ሀ. ሐሳብ ወደ ሰውነት የሚወርድበት መንገድ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ነገሩን ከሐኪሞች በፊት ዐውቀውታል። «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ወሽመጤ ተቆረጠ»፣ «ልቤ ተሰቀለ» ሲሉ የነፍስን ኀዘን በሥጋ ብልት ስም ይጠሩታል። ይህ አነጋገር ለጌጥ ብቻ የተባለ አይደለም፤ እውነትም አለበት።

አንድ ሰው በመንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥመው አንጎሉ ወዲያው ትእዛዝ ያስተላልፋል። በኩላሊቶች ራስ ላይ የተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ እስትንፋስ ይፈጥናል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ስለሚሄድ የምግብ መፈጨት ይዘገያል፤ አፍ ይደርቃል፤ መዳፍ ያልበዋል። ይህ ሁሉ የተሰጠን ለመሸሽ ወይም ለመታገል እንድንችል ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የሰውነት ለውጥ በሰፊው አስረድቷል።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። ሰውነት በጅብና በሐሳብ መካከል አጥርቶ አይለይም። ወጣቱ በአልጋው ላይ ተኝቶ «ብወድቅስ? አባቴን ምን ብዬ አየዋለሁ?» እያለ ሲያሰላስል ጅብ እንደ መጣ ያህል ልቡ ይመታል። ከጅብ ያመለጠ ሰው ግን ሮጦ ይገላገላል፤ ከሐሳቡ ጋር የተኛው ወዴት ይሮጣል? እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ሆዱ ቢታወክ፣ ያጠናው ቢጠፋበት የሰውነቱ ሥራ ነው እንጂ የክህደት ምልክት አይደለም።

ለ. ጭንቀት ሲቆይ

ለጥቂት ደቂቃ የሚመጣ ድንጋጤ አይጎዳም። ሲቆይ ግን ኮርቲሶል የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይበረክታል። እንቅልፍ ይሸሻል፤ ራስ፣ አንገትና ትከሻ ያማል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የማስታወስ ኃይል ይደክማል። ሐንስ ሰልየ የተባለው ሐኪም በካናዳ ሞንትሪያል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1936 የረዥም ጊዜ ጫና በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ምርምር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ አንድ ጥናት ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ ለሆኑ ጤነኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ሰጥተው ሲከታተሏቸው፣ ብዙ ጭንቀት የነበረባቸው ከሌሎቹ ይልቅ በበለጠ ተይዘዋል። ይኸውም ጭንቀት በሽታን የመከላከል ኃይላችንን እንደሚያዳክም ያስረዳል።

ነገር ግን ሁሉን ሕመም በሐሳብ ማመካኘትም ስሕተት ነው። በአገራችን ጨጓራ የታመመ ሁሉ «ሐሳብ አብዝቶ ነው» ይባላል። ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ለጨጓራ ቁስለት ዋናው ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን ስላሳዩ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ጭንቀት ሕመሙን ሊያብስ ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ጨጓራው የሚያቃጥለው ወጣት ይመርመር።

ሐ. ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር

የመጀመሪያውን መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አውጥታችሁ አንብቡ። ኤልያስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው፤ እምነት ጎደለው የሚለው ማን ነው? ሆኖም ከዚያ ታላቅ ድል ማግሥት የኤልዛቤል ዛቻ በደረሰው ጊዜ ፈርቶ ሸሸ። በምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ።

እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው። ቀጥሎ መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በልቶ ጠጥቶ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ ሁለተኛ አበላው። ከዚያ በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ ተጓዘ። በዚያም «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ በልቡ ያለውን ሁሉ ተናገረ። ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ያስብ ስለነበር 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። በመጨረሻም ሥራ ተሰጠው፤ ኤልሳዕም ባልንጀራው ሆነ።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉዞ፣ ጭንቀትን መናገር፣ ሥራ፣ ባልንጀራ። ሥጋንና ነፍስን አንድ አድርጎ የፈጠረ አምላክ የተጨነቀውን ሰው በሥጋውም በነፍሱም ደገፈው። እኛም እርስ በርሳችን እንዲሁ ልንደጋገፍ ይገባናል።

መ. ሐሳብን የማረጋጊያ መንገዶች

1ኛ. እንቅልፍ። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነጋ ሰው ያጠናውን ያጣዋል፤ አንጎል ትምህርቱን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና። ማታ ቡና መጠጣትንና ስልክ መነካካትን ተዉ።

2ኛ. እስትንፋስን ማዘግየት። እስከ አራት እየቆጠራችሁ አየር በአፍንጫ አስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ይህ በደቂቃ ስድስት እስትንፋስ ያህል ይሆናል። አምስት ደቂቃ ብታደርጉት የልባችሁ አመታት ሲረጋጋ ታያላችሁ።

3ኛ. የተረጋጋ ጸሎት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢጣልያውያን ተመራማሪዎች በመቁጠሪያ የሚጸልዩ ሰዎች እስትንፋሳቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚወርድ አሳይተዋል። በእኛም ዘንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይባላል። ሳይጣደፉ ቢሉት ሰውነትም ያርፍበታል። ይሁን እንጂ ጸሎት ከአምላክ ጋር መነጋገር ነውና እንደ ማስታገሻ ብቻ አንቁጠረው።

4ኛ. ሥራና እንቅስቃሴ። ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐሳብ በበዛበት ጊዜ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲሠራ አየ። ያየውም መልአክ ነበረ፤ እንዲሁ እንዲያደርግ ነገረው። እናንተም አንድ ሰዓት አጥንታችሁ ተነሡ፤ ስገዱ፤ ውኃ ቅዱ፤ በእግር ተጓዙ።

5ኛ. መናገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለእናታችሁ ወይም ለምታምኑት ጓደኛ ንገሩ። የሚሰማውም ቶሎ አይፍረድ፤ መልአኩ ለኤልያስ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጀራ እንጂ ስብከት አልነበረምና።

ሠ. ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከትምህርት ካገደ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። እንደ ኤልያስ ሞትን የሚመኝ ወንድም ወይም እኅት ካለ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቈይ፤ ብቻውን አይተው፤ የሚያምነው ሰው ይዞት ወደ ሕክምና ይሂድ። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና።

ወጣቶች ሆይ፤ በሚመጣው እሑድ ከጥናቱ የቀረውን ጓደኛችንን ፈልገን «ለምን ቀረህ?» ከማለታችን በፊት «በልተሃል ወይ? ተኝተሃል ወይ?» እንበለው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኤልያስ ከድሉ በኋላ መጨነቁ ምን ያስተምረናል?
2. ሰውነት የሚያስጨንቅ ሐሳብን እንዴት ይቀበለዋል?
3. በክፍላችን የተጨነቀ ቢኖር በምን እንረዳዋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።