ስለ ካኑላ፤ በደም ሥር ስለሚሰካው ቀጭን ቧንቧና ስለ አገልግሎቱ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሕመምተኛ ጠይቆ የተመለሰ ሰው «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል፣ «ግሉኮስ ተሰክቶለታል» ብሎ ይመልሳል። ሰሚውም ወይ ይደነግጣል፣ ወይ «እንግዲያስ ተመስገን» ይላል። ነገር ግን የተሰካው ምን እንደ ሆነና ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች የሐኪምን ሥራ ለመሥራት አንነሣም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን እናቱን ወይም ወንድሙን ሲያስታምም በሆስፒታል ያላደረ ጥቂት ስለ ሆነ፣ አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባውን ያህል ከዚህ በታች ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሀ/ ምንነቱና አመጣጡ

ካኑላ በደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ብዙ ሰው መርፌው በእጅ ውስጥ የሚቀር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ መርፌው ለፕላስቲኩ መንገድ ከከፈተ በኋላ ወዲያው ይወጣል፤ የሚቀረው ለስላሳው ቧንቧ ብቻ ነው።

ደም በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጽሐፍ ካስረዳ በኋላ፣ ክሪስቶፈር ሬን በ1656 በላባ ዘንግና በእንስሳ ፊኛ በውሻ ደም ሥር ፈሳሽ አስገባ። በ1832 ኮሌራ በብሪታንያ በተነሣ ጊዜ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በስኮትላንድ ጨው ያለበት ውሃ ለበሽተኞች በደም ሥር ሰጠ። የመጀመሪያዪቱ በሽተኛ ለሞት የተቃረበች አሮጊት ስትሆን፣ ፈሳሹ ሲገባላት ነፍስ ዘራች፤ ነገር ግን ትውከቱና ተቅማጡ ሲያገረሽ ፈሳሹ ስላልተደገመላት በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሞተች። እንግዲህ ፈሳሽ መስጠት ብቻ ሳይሆን ሳያቋርጡ መከታተልም የሕክምናው ክፍል መሆኑ ያን ጊዜ ታየ። የፕላስቲኩን ካኑላ በተመለከተ፣ በ1950 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ዴቪድ ማሳ የሠራው የዛሬው ዓይነት መነሻ ሆነ።

ለ/ ቁጥሩና ቀለሙ

ካኑላ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቧንቧው ይሰፋል። ይህ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ወዲያው ይገባዋል፤ የጥጥ ክርም ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናልና። ቀለሞቹም፦ 14 ብርቱካን፣ 16 ግራጫ፣ 18 አረንጓዴ፣ 20 ሮዝ፣ 22 ሰማያዊ፣ 24 ቢጫ ናቸው። ቢጫው በተለይ ለሕፃናት ያገለግላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፗዜይ በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ደረሰበት፣ የቧንቧ የውስጥ ስፋት እጥፍ ቢሆን በውስጡ የሚያልፈው ፈሳሽ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ግን ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከፍታም ድርሻ አለው፤ ቦርከና ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ከረጢቱ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ፈሳሹ ይፈጥናል። ስለዚህ በሐረጎ ቁልቁለት መኪና ተገልብጦበት ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲመጣ፣ ሐኪሞች ሰፊ ካኑላ በሁለቱም ክንዶች ለመሰካት ይሞክራሉ። ይህ ከጭካኔ ሳይሆን ከስሌት የመጣ ነው።

ሐ/ የሚሰጠው አገልግሎት

በካኑላ ፈሳሽ፣ ደም፣ የማደንዘዣ መድኃኒትና በአፍ ሊወሰድ የማይችል ልዩ ልዩ መድኃኒት ይሰጣል። ወባ ጸንቶበት ራሱን የሳተ ሰው አርቴሱኔት የሚባለውን መድኃኒት መጀመሪያ እንደ ደረሰ፣ ከዚያም በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት በዚሁ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። በእርግዝና የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የሚያንቀጠቅጣት እናትም ማግኒዝየም ሰልፌት በደም ሥር ሲሰጣት ከሞት ልትድን ትችላለች።

መ/ የማያስፈልግበት ጊዜ

በከረጢቱ ያለው ሁሉ ግሉኮስ አይደለም፤ የጨው ውሃ ወይም ሪንገር ሊሆን ይችላል። ደግሞም ግሉኮስ ኃይል ይሰጣል እየተባለ፣ መብላትና መጠጣት የሚችል ሰው «ይሰካልኝ» ብሎ ሐኪሙን ማስጨነቁ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ገብቶ የደም ሥር ፈሳሽ ባነሰ ጊዜ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ በማጠጣት ብዙ ሕዝብ አድኗል።

በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያየችው ወሎ ይህን በተለይ ልታስታውስ ይገባል። በረኃብ እጅግ የከሳ ሕፃን ልቡ ስለሚደክም ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ቢገባለት ሊሞት ይችላል። ስለሆነም ለእንዲህ ያለው ሕፃን የደም ሥር ፈሳሽ የሚፈቀደው ደሙ መዘዋወር አቅቶት በሚዝልበት አደጋ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በዝግታና በቅርብ ክትትል።

ሠ/ የአስታማሚ ድርሻ

1ኛ/ ካኑላው ያለበትን እጅ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ፕላስተሩንም ከእርጥበት መጠበቅ።

2ኛ/ ቦታው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢያቃጥል ወይም መግል ቢታይበት፣ ወይም ሕመምተኛው ቢንቀጠቀጥ ሳይዘገዩ ነርሷን መጥራት።

3ኛ/ «ቶሎ ይለቅ» ብሎ ማፍጠኛውን አለመንካት፤ የተወሰነው በሐኪም ስሌት ነውና።

4ኛ/ ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ማሳወቅ።

5ኛ/ በየቀኑ «እኅቴ፣ ይህ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ። ሥራውን የጨረሰ ካኑላ ለተሕዋስያን በር ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ መሣሪያውም ተሰባብሮ ነበር። ሐኪም ቢኖር፣ ግድግዳ ቢቆም፣ ይህች የጣት ርዝመት የማታህል ፕላስቲክ ከሌለች የደማውን ሰው ማዳን እንደሚያስቸግር ያ ጊዜ ለሁላችን ትምህርት ነው።

ካኑላን መሥራት የኛ ድርሻ አይደለም፤ በውስጧ የሚያልፈው ደም ግን በፋብሪካ አይሠራም፤ ከሰው ክንድ ብቻ ይገኛል። ዕድሜው ከ18 ዓመት ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መለገስ ስለሚችል፣ ይህን የምታነቡ የትምህርት ባልደረቦቻችን ከፈተና በኋላ እስከ ደሴ ደም ባንክ አብረን እንድንሄድ እንጠይቃለን።