ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ፦ የአንድ ቀን የተፈጥሮ ጉብኝት አካሄድ

የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ከመቱ ተነስቶ ሶር ፏፏቴን አይቶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል፤ ይሁንና አብዛኛው ጎብኚ ፏፏቴው ዘንድ ለመድረስ ሲጣደፍ ከፏፏቴው የማይተናነሰውን የመንገዱን ጫካ ሳያስተውለው ያልፋል።

በቅድሚያ ወቅቱ ይመረጣል። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ በክረምት የእግር መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በየካቲት ደግሞ መንገዱ ቢደርቅም ውኃው ይቀንሳል። ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ያለበት፣ ወንዙ ግን ገና ያልጎደለበትና ቡና የሚለቀምበት ኅዳር ይሻላል። በዋዜማው መንገድ መሪ ማነጋገርና ዋጋውን መቁረጥ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ስንቅና ባይኖኩላር፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ለፏፏቴው ቅርብ ወደሆነችው በቾ በመኪና ተጉዞ፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ያህሉን የእግር መንገድ ጫካውን እያስተዋሉ ቢያንስ በእጥፍ ጊዜ መሄድ ይገባል። በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር የሚታየው የጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው በራሱ የበቀለ ቡና ነው፤ ቦታው ጫካ ቢመስልም ለቃሚ ባለቤት ስላለው ፍሬውን መቅጠፍ ነውር ነው። ጉሬዛ፣ ማለትም ጥቁር ገላው በረጅም ነጭ ጠጉር የተከበበውና አውራ ጣት የሌለው ሊባል የሚችለው ቅጠል በል እንስሳ፣ ማለዳ በሻካራ ድምፁ ይታወቃል፤ ቅጠል ቶሎ ስለማይፈጭ አብዛኛውን ቀን ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። ስለሆነም ጎብኚው ድምፁን ሳያሰማ ባለበት ቆሞ ቢጠብቅ ነጩን ጭራ እንደ መጥረጊያ ተንጠልጥሎ ያያል። ምግብ መወርወር ግን ዝንጀሮና ጦጣን ስለሚያስለምድ አይገባም።

ፏፏቴው 20 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ ድንጋይ ስለሚያንሸራትት አንድ በአንድ መውረድ፣ ካሜራንም ከርጭቱ መሸፈን ግድ ይላል። ይህ ውኃ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ጥብቅ ደንና የሰው መተዳደሪያ ጎን ለጎን የተያዙበትን ክልል፣ በዚያው ቀን ጨምሮ ለማየት መሞከር ሁለቱንም ማበላሸት ስለሆነ ለያዩ ሌላ ቀን ይያዝለት።